መርከብ ፍለጋ ባሕር ወደሌለው ከተማ

አንድ ሰው ደውሎ፣ «ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ና፣ በአካል እነግርሃለሁ» ብሏችሁ ያውቃል? ብሏችሁ ከሆነ፣ ሰውየው ዘንድ እስክትደርሱ ድረስ መንገዱ እንዴት እንደሚረዝም ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው አሰባስበን፣ በእግራችን ሄደን፣ እህል አስቀምሰን ነው የምንናገረው፤ ባለቤቱ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ስለዚህ «ና» የሚለው ቃል ራሱ የመርዶው ግማሽ ነው።

እኔም ይህን ቃል ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ከጅዳ ወደ ሪያድ የተጓዝኩት። የምፈልገው መርከብ ነበር። አዎ፣ መርከብ፤ ያውም በበረሃ መካከል በተቀመጠች፣ ባሕር በማታውቅ ከተማ። ነገሩ እንዳይምታታ ከመነሻው ልጀምር።

ጅዳ ውስጥ የአገራችን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከምኖርበት ፎቅ ሥር እማማ ከድጃ ይኖራሉ። ልጅ አልወለዱም፤ እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ልጃቸው ሆኛለሁ። ሳል ከያዘኝ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወጥተው፣ «የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ቀጭን ሸሚዝ ይለብሳል?» ብለው ይቆጡኛል። ተወልደው ያደጉት እዚያው ጅዳ ነው። አማርኛቸውን ከአባታቸው ስለ ተማሩት የባቲ አካባቢ ሰው አነጋገር አለው፤ ባቲን ግን አይተዋት አያውቁም።

አባታቸው ይመር ይባላሉ። በወጣትነታቸው እንድሪስ ከሚባል የመንደራቸው ልጅ ጋር ጨው ነጋዴዎችን ተከትለው ወደ ባሕር ወረዱ፤ ተሻግረውም ኤደን ገቡ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንድሪስ በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሥራ አገኘ። ይመር ደግሞ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተቀጥረው ከታች፣ ሞተሩን የሚነዳው እንፋሎት ከሚፈላበት ከማሞቂያው ክፍል ገቡ። መርከቧ ፍሪጌት ከሚባሉት አንዷ ነበረች።

ፍሪጌት ምን እንደ ሆነች ላስረዳ። ከትልልቆቹ የጦር መርከቦች ታንሳለች። ዋና ሥራዋ አጃቢነት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃ ጫኝ መርከቦች ለብቻቸው መሄድ ስላልቻሉ በረድፍ ሆነው በቡድን ይጓዙ ነበር፤ ፍጥነታቸውም በመካከላቸው ባለችው ደካማ መርከብ ልክ ነው። ፍሪጌቷ በዙሪያቸው እየተመላለሰች ወደ ውኃው ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ብረት መትቶ ከተመለሰ ከሥር ሰርጓጅ መርከብ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሄዳ በርሜል የመሰሉ ቦምቦቿን ወደ ጥልቁ ትጥላለች። እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ለብዙዎቹ ፍሪጌቶቻቸው የወንዝ ስም ሰጥተዋቸዋል፤ እኛ ብንሆን «አዋሽ»፣ «ሚሌ» እንደምንላቸው ማለት ነው። የይመር መርከብም የወንዝ ስም ነበራት፤ ስሟን ግን እማማ ከድጃ ረስተውታል።

ከማሞቂያው ክፍል ባሕር አይታይም። ሰው ከላይ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያውቀው በደወል ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ደወል «ፍጠኑ»፣ ሌላው «ቀስ»፣ ሌላው «ቁሙ» ይላል። አንድ ምሽት የእንድሪስ መርከብ በሰርጓጅ ተመታች። ሰዎች ባሕር ውስጥ እንዳሉ ወሬው ወደ ታች ወረደ። ይመር የ«ቁሙ»ን ደወል ጠበቁ። የተደወለው «ፍጠኑ» ነበር። መርከቧ እየተንቀጠቀጠች ሮጠች። በዚያው ሩጫ ከአንድ ቧንቧ እንፋሎት አምልጦ ይመርን አቃጠላቸው፤ የነቁት ኤደን ሆስፒታል ውስጥ ነው። አብሯቸው የሚሠራ የመናዊ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ «ጓደኛህ ድኗል፤ ጧት አወጣነው» አላቸው።

ይመር አላመኑም። ታማሚን ማን እውነት ይነግራል? በእኛ አገር ለታመመ ሰው እናቱ ሞታ እንኳ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ይባላል። የመናዊው ደግ ስለ ሆነ ዋሸኝ ብለው ደመደሙ። ለእንድሪስ እናት «ልጅሽን ከባሕር ጥለነው አለፍን» የሚሉበት ፊት አጡና ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ጅዳ ኖሩ፤ ጅዳ ሞቱ። እስኪሞቱም፣ «የቁሙ ደወል አልተደወለም» ይሉ ነበር።

አሁን እማማ ከድጃ ጓዛቸውን እየሸከፉ ነው። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማሳደስ ሰልችቷቸዋል፤ የቀረ ዕድሜያቸውን በአባታቸው መንደር መኖር ይፈልጋሉ። ግን በምን ፊት? የእንድሪስ ወገኖች እዚያው አሉ። «የገደለው ሰው ልጅ መጣች ቢሉኝስ?» እያሉ ሻንጣውን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። እኔም አንድ ቀን ፈቃዳቸውን ጠይቄ ታሪኩን በድምፃቸው ቀዳሁና የወሎ ልጆች ወደሚገናኙበት የስልክ ቡድን ላክሁት። ከሳምንታት በኋላ ሰሚራ የምትባል ሴት ከሪያድ መለሰች። አባቷ የእንድሪስ ልጅ ናቸው፤ እንድሪስ ከመሰደዱ በፊት የወለዳቸው ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። የይመርን ስም ብቻ ነግራ ስልኩን ለእርሳቸው ሰጠችልኝ።

«ይመር ልጅ ወልዷል?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ እማማ ከድጃ አሉ» አልኳቸው።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ያ ቃል መጣ፦ «ልጄ፣ ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም። ና።»

እማማ ከድጃ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ። አባቴ ጥሎት ሄዷል፣ ይቅር በሉን ብለህ በእግራቸው ትወድቅልኛለህ» አሉኝ። ሽማግሌነት በሃያ ስድስት ዓመቴ እንደማይሆንልኝ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። «ጢምህን አትላጭ፤ ኮት ልበስ» ብቻ አሉ።

ረቡዕ፣ ከጅዳ መውጫው

ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀናት ስለ ተዘጋ ረቡዕ ጧት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለሚሞክሩት እንዲጠቅም ልንገራችሁ፦ ትኬቱ እንደ ቀኑ ከመቶ ሃምሳ ሪያል ይበልጣል ወይም ያንሳል፤ በስተቀኝ ከተቀመጣችሁ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያቃጥላችኋል ብላ ትኬት ቆራጯ መክራኛለች፤ ተሳስታለች፣ ያቃጠለኝ ጧት ነው። ኮቴን ያወለቅሁት ገና ከከተማው ሳንወጣ ነበር።

ከአጠገቤ ከማል የሚባል የጅማ ልጅ ተቀመጠ። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ከፊሉ፣ ማለት አሠሪው፣ ሪያድ አዲስ ሥራ ይዞ ጠርቶታል። እኔም ዝም ማለት ስለማልችል ወዴት እንደምሄድ ነገርኩት።

«መርከብ ፍለጋ ሪያድ?» አለ ከማል። «ወንድሜ፣ አንተ ግመል ቢጠፋብህ ወደ ባሕር ልትገባ ነው።»

ታሪኩን ሁሉ ሲሰማ ግን ቀልዱን ተወ። «ና፣ በአካል ካሉህ ኸላስ፣ አለቀ፤ ሰውየው ሞቷል» አለኝ።

ነገሩ ከሰማንያ ዓመት በፊት የሆነ መሆኑን፣ ቢተርፍም እስካሁን እንደማይኖር አስረዳሁት።

«እና መርዶ ያረጃል?» አለ። «እኔ ምልክቱን ልንገርህ። መጀመሪያ ያበሉሃል። ዝም ብሎ ሻይ ከሆነ አትፍራ። ደህና አድርገው ካበሉህ ግን ያኔ እንባህን አዘጋጅ።»

መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጣኢፍ ተራሮች ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ቢጫ ሜዳ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ግመል፣ እንደገና ቢጫ ሜዳ። ለምሳ የቆምነው ነዳጅ ማደያ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ነው። ሩዝ በምስር በአሥራ ስምንት ሪያል በላን። ከማል የራሱን ግማሽ ወደ እኔ እየገፋ፣ «አይዞህ፣ ይኼ የመርዶ አይደለም» አለኝ።

ወደ ሪያድ ስትቃረቡ መንገዱ ጡወይቅ የሚባለውን ረጅም ገደል ሰንጥቆ ይወጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ነበር ግድግዳው ቀይ ሆኗል፤ ድንጋዩ ተራ በተራ እንደ ተነባበረ እንጀራ ይታያል። ለከማል አስረዳሁት፦ ይህ የኖራ ድንጋይ በጥንተ ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ ዛሬም ዛጎል የሚያገኙበት አሉ። ከማል ገደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «እንግዲያውስ መርከብህ ከሥር ይኖራል። ቆፍር» አለኝ። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ስንለያይ ኮቴን ራሱ አቀበለኝና፣ «ያላ ሽማግሌው፣ በርታ» ብሎ ሄደ።

ኀሙስ፣ ሙረባዕ እና ዑለያ

ያደርኩት በጥሐ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ሠራተኞች በሚያድሩባት ርካሽ ማረፊያ ነው። ሰሚራ ከሥራ የምትወጣው ከዐስር ሶላት በኋላ ስለ ሆነ ቀኑን የማሳልፍበት ፈለግሁና በእግሬ ወደ ሙረባዕ ሄድኩ። በብሔራዊ ሙዚየሙ ዙሪያ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ መናፈሻ አለ። ከዛፍ ሥር ተቀምጬ የሽማግሌ ንግግሬን አጠናሁ። «እንደምን ዋላችሁ፤ የመጣነው ለእርቅ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «የመጣነው» ማለቴ ሳያስቀኝ አልቀረም፤ ብቻዬን ነኝ። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ብቻውን የሚያወራ ሰው አይቶ መጥረጊያውን ይዞ ዞሮ ሄደ።

ዑለያ ሌላ ከተማ ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ መስታወት ናቸው፤ አንገት እስኪያም ቀና ማለት ያስፈልጋል። ሰሚራ የአንዱን ሕንፃ ቢሮዎች ከሌሎች የአገራችን ሴቶች ጋር ታጸዳለች። ከኋላ በር ወጥታ አየችኝ፤ እኔን አልፋ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች።

«መምህሩ አንተ ነህ? ሌላ ሰው የለም?» አለች።

የለም አልኳት።

«ያ አላህ! አባዬ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ብለው ከጧት ጀምረው ነጭ ቶብ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጺም እንኳ ብታሳድግላቸው ምናለበት?» ሦስት ቀን ያበቀልኩትን ነካክቼ አሳየኋት። ከልቧ ሳቀች።

አባቷ ምን ሊነግሩኝ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ሳቋ ቆመ። «እሱን እርሳቸው ይነግሩሃል። እኔ አፌ ታስሯል» አለች። ከዚያ በሜትሮ ተሳፈርን። ትኬቱ አራት ሪያል ነው፤ ንጹሕና ፈጣን ስለ ሆነ ለማንም እመክራለሁ። እርሷ በቤተሰቦች ክፍል፣ እኔ በወንዶች ክፍል ስለ ተቀመጥን በመካከላችን በር ነበር። አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። ትንሽ ብቻ አልኳት። «ጥሩ። አባዬ በባዶ ሆዱ ይምጣ ብለዋል።»

የከማል ምልክት ትዝ አለኝ። እስክንወርድ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ የራሴን ፊት ስመለከት ቆየሁ።

ኀሙስ አመሻሹ ላይ፣ ፉጣ

ፉጣ ጠባብ መንገዶች ያሉት አሮጌ ሰፈር ነው። ሞባይል የሚጠግን፣ ሻንጣ የሚሸጥ፣ ፀጉር የሚቆርጥ ሁሉ እጅብ ብሎ ይኖራል። ከአንዲት የልብስ ስፌት ሱቅ ጎን ባለ ደረጃ ወጣን። ከላይ ሽማግሌው ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የቀረ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አቡ ሰልማን ይላቸዋል፤ እዚህ ብዙ የቆየ ያገራችን ሰው እንደ ዐረቦቹ በበኩር ልጁ ስም ስለሚጠራ ነው። ሰልማን ደሴ ነው ያለው። እኔም በስልክ የማውቃቸው በዚሁ ስም ነበር።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር። መጀመሪያ ብላ» አሉ።

ማዕዱ ተዘረጋ። ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ እርጎ። እኔ ክርስቲያን መሆኔን ሰሚራ ስለ ነገረቻቸው ሥጋው እንዳያስቸግረኝ አስበው ነው ዓሣ ያሠሩት። በበረዶ ከጅዳ የመጣ ነው ሲሉኝ፣ በአንድ መንገድ አብረን መጥተናል ማለት ነው አልኩና ሳቁ። አቡ ሰልማን እሾሁን በጣታቸው እየለዩ ያጎርሱኛል፤ ሰሚራ ሳህኔን ትሞላለች። በጎረስኩ ቁጥር መርዶው እየቀረበ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ንግግሬን ልጀምር ስል «ብላ» አሉኝ። ሦስተኛም ጊዜ «ብላ» አሉኝ። እንዲህ የተወደደ እራት በልቼ አላውቅም፤ እንዲህ የፈራሁትም የለም።

እጃችንን ታጥበን ሻይና ቴምር ሲቀርብ አላስቻለኝም። እርሳቸው ከመናገራቸው በፊት ለይመር ጥብቅና መቆም አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ንግግሬን ሁሉ ረሳሁት። የማውቀው ማስተማር ስለ ሆነ ቴምሮቹን በረድፍ በረድፍ ደረደርኩ።

«እነዚህ ዕቃ ጫኞቹ ናቸው። ይህች ብርጭቆ ፍሪጌቷ ናት» አልኩ። አንዱን ቴምር ከረድፉ አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት። የእንድሪስ መርከብ ነው። ከዚያ ብርጭቆዋን አጠገቡ አሳለፍኳት።

እንዲህ ብዬ አስረዳሁ። ሰርጓጁ አሁንም ከሥር ተደብቆ ነው። የቆመች መርከብ የተቸከለች ዒላማ ናት፤ ብትቆም እርሷም ትመታለች፣ የሚጠብቃቸው ሌላ የሌላቸው መርከቦች ሁሉ ያልቃሉ። ሌላም አለ። እነዚያ ቦምቦች ውኃ ውስጥ ሲፈነዱ በአቅራቢያው የሚዋኝን ሰው አንጀቱን ይበጥሱታል። ስለዚህ መርከቧ ሰርጓጁን ከሰዎቹ አርቃ ማባረር አለባት። «ፍጠኑ» የሚለው ደወል ጥላችሁ ሂዱ ማለት ላይሆን ይችላል። ከእነርሱ ራቁላቸው ማለትም ይሆናል።

«ስለዚህ አባባ» አልኩ፣ «እንድሪስ ቢሞትም ይመር አልገደሉትም። ልጃቸው ይቅር በሉን ብላ ልካኛለች።»

አቡ ሰልማን መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ብርጭቆዋን ያዙና ቀስ ብለው አዙረው ከቴምሩ አጠገብ መለሷት።

«ጧት ተመልሳለች» አሉ። «ቆማለች።»

ከዚያ ታሪኩን አባታቸው እንደ ነገሯቸው ነገሩኝ። እንድሪስ ከሌሎች ሰዎች ጋር አንድ ሳንቃ ይዞ ተንሳፍፎ ነበር። መርከቧ የብረቷ ምስማር እስኪቆጠር ድረስ ቀርባ አለፈቻቸው። ሲያልፉ ከላይ የሚንሳፈፍ ነገር ወረወሩላቸው፤ አንድ የመናዊም በዐረብኛ «ሰብር! እንመለሳለን!» ብሎ ጮኸ። ሰብር ማለት ትዕግሥት ነው። ቀጥሎ ከሩቅ የታፈነ ድምፅ ሰሙ፤ ውኃው ሆዳቸውን እንደ ጡጫ ይመታቸው ነበር። ጎሕ ሲቀድ ግን ያቺው መርከብ መጣች። በጎኗ የገመድ መረብ ለቃ ቆመች፤ ሞተሩ እንኳ ዝም አለ። እንድሪስ በመረቡ ወጣ። እግሩ ጣውላ እንደ ነካ መጀመሪያ የጠየቀው ይመርን ነው። ወስደው አሳዩት፦ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ራሱን ስቶ። ኤደን እስኪደርሱ ከራስጌው ሳይነሣ ተቀመጠ። እዚያ ይመርን በቃሬዛ አወረዱት፤ እንድሪስንና የዳኑትን ደግሞ በዚያው ቀን በሌላ መርከብ ወደ ቦምቤይ ሰደዷቸው።

«አባቴ በዓይኑ ያየውን አመነ» አሉ አቡ ሰልማን። «ይህን ያህል የተቃጠለ ሰው አይተርፍም አለ። አገሩ ሲገባ ለይመር እናት መርዶውን ራሱ ነገራት። ሰደቃ አወጡለት፤ መንደሩ አለቀሰ። ይኸውልህ፣ በሕይወት ላለ ሰው። ያን ቀን በስልክ ልጅ አለችው ስትለኝ ምላሴ ተሳሰረ። አባቴ ሰውን በቁሙ ቀብሯል። ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን፤ ይህ ደግሞ በስልክ አይሆንም።»

ለካ ያ ሁሉ ዝምታ የእርሳቸው ሐፍረት ነበር። እኛ መርዶ ነው ብለን ስናለቅስ እርሳቸው ሽማግሌ እየጠበቁ ኖረዋል። ሰሚራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«አንድ ነገር ግን እስኪሞት አልገባውም ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ለምን አለፈች ይል ነበር። አሁን አንተ በቴምር ነገርከኝ።» ብርጭቆዋን እንደገና አሳለፏት፤ እንደገናም መለሷት። ከዚያ ቴምሩን አንሥተው ሰጡኝና ብላ አሉኝ።

እኔ ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እማማ ከድጃ አያምኑኝም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መንገደኛ ናቸው፣ እኔ ደግሞ እንደምወዳቸው ያውቃሉ። አባታቸው የመናዊውን እንዳላመኑት እርሳቸውም እኔን አያምኑኝም። ይህን ስናገር አቡ ሰልማን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የይመር ልጅ አይደለችም? አታምንም» አሉ። ከዚያ ከቶባቸው ኪስ ኢቃማቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። እዚያ ላይ አቡ ሰልማን የሚል ስም የለም።

«ስልክ አልወድም» አሉ። «ስትደርስ ግን ደውልልኝ። ስሜን እኔው እነግራታለሁ። ደግሞ ስማ፤ እህል ሳትቀምስ ንገራት። ያበላሃት እንደ ሆነ መርዶ ነው ትላለች።»

ዓርብ፣ መመለስ

የመመለሻው መንገድ አጭር መሰለኝ። ጡወይቅን ስንወርድ ድንጋዩን በሌላ ዓይን አየሁት፤ ከማል ቢኖር «አገኘኸው?» ይለኝ ነበር። ሰሚራ በመንገድ የምበላው ዳቦና የተረፈ ዓሣ በፎይል ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ጅዳ ስንቃረብ የባሕሩ እርጥበት በአውቶቡሱ በር ገባ።

እማማ ከድጃ በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ሰላም አላሉኝም፤ ፊቴን ብቻ አዩ። ከኋላቸው ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ሩዙ ይጨሳል። ለራሳቸውም ሳህን አድርገዋል። ያበሰሉት መርዶውን ችለው ለመስማት ነው።

«ግባ። መጀመሪያ ብላ» አሉኝ። «እኔም ትንሽ ልቅመስ። ከዚያ ትነግረኛለህ።»

«አልገባም እማማ። እህል ሳይቀመስ ነው የምነግርዎት» አልኩ። ኮቴን እንደ ለበስኩ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እዚያው በሩ ላይ ነገርኳቸው፦ መርከቧ ጧት ተመልሳለች፣ ቆማለች፣ እንድሪስ ወጥቷል፣ አገሩ ገብቶ ወልዶ ኖሯል።

ስጨርስ በጣም በለሆሳስ፣ «ጉልበቴን አይተህ ነው» አሉ። «ደግ ልጅ ነህ። ለአባቴም እንዲሁ ብለውት ነበር።»

ስልኩን አውጥቼ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ከሪያድ ወዲያው ተነሣ።

«እህቴ ከድጃ» አሉ ሽማግሌው።

«አቤት። ማን ልበል?»

«ይመር ነኝ።»

እማማ ከድጃ የበሩን ጠርዝ ያዙ።

«ይመር እንድሪስ ነኝ። አባቴ ሲወልደኝ ያንቺን አባት ስም አወጣልኝ። ይመር ይመር እያለ ሲጠራኝ ነው የኖረው።»

ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ድገመው» አሏቸው። ደገሙላቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገሟቸው። የታመመውን ጉልበታቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እኔንም ሆነ ስልኩን ሳይሆን መንገዱን እያዩ፣ «ለካ ቆማ ነበር» አሉ። አቡ ሰልማን ከዚያ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ እማማ ከድጃም ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ አንዱም ሌላውን አልሰማም። ሩዙ ቀዘቀዘ። ቆይተን በላነው፤ ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ፣ ምንም አልፈራሁም።

ሻንጣው አሁን ተዘግቷል። ሰልማን ከደሴ መኪና ይዞ ሊቀበላቸው ነው፤ መንደሩ ሲገቡ የእንድሪስ ልጆች መንገድ ላይ ወጥተው እንደሚጠብቋቸው ነግሯቸዋል።

እኔ ከዚህ ጉዞ ምን ተማርኩ? ስለ ፍሪጌቶች ባነበብኳቸው መጻሕፍት ስንት ሰርጓጅ እንዳሰጠሙ ይጻፋል። ባሕር ውስጥ ሆኖ የጠበቀ ሰው የሚያስታውሰው ግን መመለሷን ነው። ለተማሪዎቼም ትምህርቱን ከዚያ እጀምረዋለሁ።

እናንተን አንድ ነገር ልለምን። መልካም ወሬ ይዛችሁ ወደ ሰው ቤት የምትሄዱበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ግቡ ቢሏችሁ አትግቡ፣ ብሉ ቢሏችሁ አትብሉ። ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ፣ በደረቅ አፋችሁ ንገሯቸው። እስቲ ሞክሩት።